የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ የካቡል ሪፐብሊክ ለምን እንደ ጤዛ ረገፈ? ታሊባንስ ቅቡልነት አለው?

ዘመን ቆጣሪ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በዚህ እንዳትከራከሩኝ።

አንድ ቀን ከአእምሮዬ አይጠፋም። ማርች 9 ቀን 2020፣ ካቡል። አሽራፍ ጋኒ በቤተ መንግሥቱ ቃለ መሐላ ይፈጽማል። እዚያው አጠገብ ደግሞ አብዱላህ አብዱላህ «ፕሬዚዳንቱ እኔ ነኝ» ብሎ ይምላል። አንድ አገር፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ፕሬዚዳንት። በመሃል ሮኬት መውደቅ ጀመረ። ታዳሚው ሲደናገጥ ጋኒ ኮቱን ከፈት አድርጎ ጥይት መከላከያ እንዳልለበሰ አሳየ። የትም አልሄድም ማለቱ ነው። ተጨበጨበለት። ከ17 ወር በኋላ፣ ኦገስት 15 ቀን 2021፣ ታሊባን ካቡል ደጃፍ ሲደርስ ሰውዬው በሄሊኮፕተር ተነሥቶ ሄደ።

ብዙ ሰው የካቡል ሪፐብሊክን፣ ማለትም ከ2001 በኋላ በአሜሪካ ድጋፍ የቆመውን የአፍጋኒስታን መንግሥት፣ ውድቀት ከዚያች ኦገስት ይጀምረዋል። እኔ ከመሐላው ቀን እጀምራለሁ። መሐላውን ያመጣው የሴፕቴምበር 2019ኙ ምርጫ ነው። 9.6 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዝግቦ ነበር። የተቆጠረው ድምፅ ግን 1.8 ሚሊዮን ገደማ ነው። ጋኒ በ50.64 በመቶ አሸነፈ ተባለ። ሲመነዘር 923 ሺህ ድምፅ ነው። ከ30 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር! ውጤቱ እስኪነገር ደግሞ አምስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ሐሳቤን ባጭሩ ልበል። ውሻ በበላበት ይጮኻል። ካቡል ያለው መንግሥት የሚበላው ከለጋሽ እጅ ነበር። ከወጪው ከአራት እጅ ሦስቱ የሚሸፈነው በውጭ እርዳታ ነው። ስለዚህ ጆሮውም ዓይኑም ወደ ውጭ ነበር። ምርጫ ለአፍጋኑ ሰው የሥልጣን ምንጭ መሆኑ ቀርቶ ለለጋሽ የሚቀርብ ሪፖርት ሆነ። ታሊባን የሕዝቡን ልብ አሸንፎ አልገባም። ባዶ ወንበር አግኝቶ ተቀመጠ።

ጥያቄዬ ይኼ ነው፦ ባዶ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዝም ካሉት ባለቤት ይሆናል?

ቀለም ቀንድ

መጀመሪያ ሁለት ቃላት እንለይ፤ አለዚያ እስከ ነገ አንግባባም። ሕጋዊነት ሌላ፣ ቅቡልነት ሌላ። ሕጋዊነት ወረቀት ነው። ቅቡልነት ደግሞ ፖሊስ በሌለበትም ሰው «ይኼ ሰው ሊያዘኝ ይገባዋል» ብሎ ሲያምን ነው።

ማክስ ቬበር ሰው ለምን ይታዘዛል ብሎ ሦስት ምክንያት አስቀምጧል። ልማድ ስለሆነ፣ መሪው ልዩ ጸጋ ያለው ስለሚመስል፣ ወይም ሕጉና ሥርዓቱ ስለሚለው። የካቡል ሪፐብሊክ የተነሣው ሦስተኛዋን ብቻ ይዞ ነው። እሷንም በገዛ እጁ በላት። በ2009 ምርጫ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅ በማጭበርበር ተሰረዘ። ፕሬዚዳንቱ ሃሚድ ካርዛይ ከግማሽ በታች ወረደ። ሁለተኛ ዙር ተጠራ። አብዱላህ «በዚህ ኮሚሽን አልወዳደርም» ብሎ ወጣ። ካርዛይ ብቻውን ሮጦ አንደኛ ወጣ።

በ2014 ደግሞ ባሰ። እንደገና ማጭበርበር፣ እንደገና ንትርክ። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ኬሪ በረረና መጣ። ሣጥኑ ሁሉ ይመርመር ተባለ፣ ተመረመረ። መጨረሻ ላይ ግን የወሰነው ምርመራው አልነበረም፤ ድርድሩ ነው። ጋኒ ፕሬዚዳንት፣ አብዱላህ «ዋና ሥራ አስፈፃሚ»። ሕገ መንግሥቱን ገልብጣችሁ ብትፈልጉት እንዲህ የሚባል ወንበር የለም። ይህን ያየ ሰው በ2019 ቤቱ ቢውል ይፈረድበታል?

የማታ ሰው

ባልና ሚስት ቢሆኑ እንኳ ሽማግሌ ይህን ያህል አይመላለስባቸውም ነበር።

መንገደኛው

እኔ እዚያ ነበርኩ። ከ2009 እስከ 2011 ካቡል ውስጥ ለአንድ ድርጅት ዕቃ አቅርቦት ላይ ሠርቻለሁ። ስሙ ይቅር። ኖርኩ ለማለት ግን ይከብደኛል። ቁመቱ ከሁለት ሰው በላይ በሆነ የኮንክሪት ግድግዳ ውስጥ ነው የከረምነው። ከተማዋን የማውቃት በመኪና መስኮት ነው።

ከምርጫው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ሾፌራችን የምርጫ ካርዱን አሳየኝ። ካርዶቹን ልበል እንጂ። ሦስት ናቸው። ሦስቱም ላይ የሱ ፎቶ አለ። አንዱ ላይ ጢም አለው፣ አንዱ ላይ የለውም። «ለማን ልትሰጥ ነው?» አልኩት። «ገዢ ገና አልመጣም» አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሌላው ዘበኛችን ነው። ከዋርዳክ የመጣ፣ ቁጥብ ሰው። ከአጎቱ ልጆች ጋር በአንድ የፖም ማሳ ይካሰሳል። በመንግሥት ፍርድ ቤት አራት ዓመት ሆኖታል። እያንዳንዱ ፊርማ ዋጋ አለው። ዳኛ ይቀየራል፣ መዝገብ ይጠፋል፣ እንደገና ይከፈታል፣ እንደገና ይከፈልበታል። አንድ ጊዜ ለዕረፍት አገሩ ገብቶ ሲመለስ ፊቱ በርቷል። «አለቀ» አለኝ። የታሊባን ዳኛ በሞተር ሳይክል መጣ። መስጊድ ውስጥ ተቀመጠ። ሁለቱንም ወገን ሰማ፣ የመንደሩን ሽማግሌዎች ጠየቀ፣ ፈረደ። ሁለት ቀን። ጉቦ የለም።

«ትወዳቸዋለህ እንዴ?» አልኩት።

«አልወዳቸውም። ግን እነሱ የፈረዱትን የሚሽር የለም» አለኝ።

ደሞዙ ከፈረንጅ፣ ፍርዱ ከታሊባን። መሃል ላይ ያለው የካቡል መንግሥት ለዚህ ሰው ምኑ ነበር? ጉቦ ተቀባዩ ብቻ።

ሕሊና

@መንገደኛው ያየኸውን ስለነገርከን አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። «ሁለቱም ወገን» ስትል ሁለቱም ወንዶች ናቸው። እዚያ መስጊድ ውስጥ የዘበኛህ ሚስት ወይ እህቱ ገብታ የምትናገርበት ቦታ ነበር?

ስለ ታሊባን ቅቡልነት ስታወሩ «ሕዝቡ» የምትሉት ማን እንደሆነ ንገሩኝ። ማርች 23 ቀን 2022 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሴቶች ዩኒፎርም ለብሰው፣ ቦርሳ አንግተው ትምህርት ቤት ሄዱ። የታሊባን ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ይከፈታል ብሎ ነበር። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ ቤት ተመለሱ። በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ዓለም አየ። ዲሴምበር ላይ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋባቸው። ማን ተጠይቆ? የራሳቸው ሰዎች እንኳ አልተስማሙም። በወቅቱ ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው አባስ ስታኒክዛይ በጃንዋሪ 2025 በአደባባይ ክልከላውን ነቅፏል። የለወጠው ነገር የለም። ውሳኔው ያለው ካንዳሃር ነው፣ የታሊባን የበላይ መሪ ሂባቱላህ አኩንዛዳ ጋ። ይህን ሰው በአካል ያየው አፍጋን ጥቂት ነው፤ የሚያወጣው ድንጋጌ ግን እያንዳንዱ ቤት ይገባል።

እና «ዝም አሉ» አትበሉኝ። ታሊባን በገባ በወሩ የካቡል ሴቶች ጠመንጃ የያዘ ሰው ፊት ቆመው «ዳቦ፣ ሥራ፣ ነፃነት» ብለዋል። ተደብድበዋል፣ ታስረዋል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጸጥታ ፈቃድ ካላችሁት እኔ ቃል የለኝም።

አባ ጠያቂ

ይቅርታ ልጆች፣ አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ጃፓንና ጀርመንም ዴሞክራሲ የተሰጣቸው በወራሪ ጦር ነው። እዚያ ለምን ሠራ? እዚህ ለምን ከሸፈ?

ዘመን ቆጣሪ

@አባ ጠያቂ ጋሼ፣ ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል፤ ይምጣም። ጃፓን ከ1890 ጀምሮ ፓርላማ ነበራት። የሚሠራ ቢሮክራሲ ነበራት። አሜሪካኖቹ ንጉሠ ነገሥቱንም አልነኩትም፤ አሮጌው ቅቡልነት አዲሱን አቅፎ አሻገረው። ጀርመንም ቢያንስ ፓርቲና ምርጫ ምን እንደሆነ የሚያስታውስ ትውልድ ነበራት። ደግሞ ሁለቱም አገር ጦርነቱ አልቆ፣ ተሸናፊው ፈርሞ ነው የተጀመረው።

አፍጋኒስታንን እንይ። ዲሴምበር 2001 ቦን ላይ የተሰበሰቡት አሸናፊዎችና ስደተኞች ናቸው። ታሊባን አልተጠራም። ስብሰባውን የመራው የተመድ መልዕክተኛ ላክዳር ብራሂሚ ራሱ ይህ ስህተት እንደነበር በኋላ ተናግሯል። የተሸነፈን ሰው ከጠረጴዛው ካስቀረኸው በጫካ ይመጣብሃል።

ከቦን ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የጁን 2002ቱ ሎያ ጅርጋ ነው። ሎያ ጅርጋ አፍጋኖች ራሳቸው የሚያውቁት ታላቅ ጉባኤ ነው። ከየወረዳው ከ1,500 በላይ ሰው ካቡል ላይ አንድ ትልቅ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ። የቀድሞው ንጉሥ ዛሂር ሻህ ከ29 ዓመት የሮም ስደት በኋላ ተመልሶ ነበር። ዕድሜው 87። ብዙው ተወካይ የአገር ምልክት ይሁንልን ይል ነበር። የጉባኤው መክፈቻ በድንገት ተራዘመ። ከዚያ ጋዜጠኞች ፊት መጀመሪያ የቀረበውና ንጉሡ እጩ አይደሉም ያለው ማን ይመስላችኋል? የአሜሪካው መልዕክተኛ ዛልማይ ኻሊልዛድ። የንጉሡ የራሱ መግለጫ ከዚያ በኋላ መጣ፤ እሱንም ረዳቱ ነው ያነበበለት፣ ሽማግሌው ዝም ብሎ ተቀምጦ።

እንግዲህ ከዋርዳክ ወይ ከሄልማንድ ስንት ተራራ አቋርጦ የመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ ተመለሰ? «እኛ ስንመክር ሌላ ሰው ወሰነ» የሚል ወሬ ነዋ። በዚያ ላይ ጦር አበጋዞቹ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸዋል። የትናንት ገራፊውን ከፊት አስቀምጠህ «ሕግ መጣ» ብትለው ማን ያምንሃል።

ሰምና ወርቅ

@ዘመን ቆጣሪ ጽሑፍህ ጥሩ ነው። ግን የውሻዋ ተረት አንድ ቦታ ላይ ትነክስሃለች።

በሰው ሠረገላ የመጣ ንጉሥ እንደማይበረክት ታሪኩ ይነግረናል፤ ልክ። ሻህ ሹጃን በ1839 የእንግሊዝ ጦር አጅቦ አስገባው። በ1842 ጦሩ ሲወጣ እሱም ተገደለ። ባብራክ ካርማል በ1979 የሶቪየት ታንክ ተከትሎ ገባ። እሺ። ግን አብዱር ራህማን ኻንስ? እሱም ከ1883 ጀምሮ ከእንግሊዝ በዓመት 1.2 ሚሊዮን ሩፒ ይቀበል ነበር። በ1893 ወደ 1.8 ሚሊዮን ከፍ አደረጉለት። ያውም የውጭ ጉዳዩን ለእንግሊዝ አስረክቦ። ሰውዬው ግን 21 ዓመት ገዝቶ በአልጋው ሞተ። ልጁም ያለ ጦርነት ተተካ። በአፍጋኒስታን ታሪክ ይህ ብርቅ ነው። በውጭ ገንዘብ ኖረ፤ አገር ውስጥ ግን የማንም አሻንጉሊት አልሆነም። (ጨካኝነቱን አልደብቅም። ሃዛራ በሚባለው ሕዝብ ላይ ያደረሰው ዛሬም አልተረሳም።)

ሶቪየቶች ይደግፉት የነበረውን ፕሬዚዳንት ናጂቡላህንም ተመልከት። የመጨረሻው የሶቪየት ወታደር በፌብሯሪ 1989 ወጣ። ሁሉም ወራት ነው የቀሩት ሲል እስከ ኤፕሪል 1992 ቆየ። የወደቀው የሞስኮ ገንዘብና ነዳጅ ከተቋረጠ በኋላ ነው። የጋኒ መንግሥት ግን የመጨረሻው አሜሪካዊ ወታደር እስኪወጣ እንኳ አልጠበቀም። ወታደሩ የወጣው ኦገስት 30 ነው፤ ካቡል በ15 አልቋል።

ስለዚህ ነገሩ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ምን ነው ታዲያ?

ዘመን ቆጣሪ

@ሰምና ወርቅ አብዱር ራህማንን አላሰብኩትም ነበር፤ ያዝከኝ። ትንሽ አስቤ ልመለስ።

ሂሳብ ሹም

እስኪመለስ እኔ ቁጥር ላቀብል።

አሜሪካ ለአፍጋኒስታን መልሶ ግንባታ ብቻ ያወጣችው ወደ 145 ቢሊዮን ዶላር ነው። ይህን ያለው የራሷ መንግሥት ያቋቋመው ልዩ ዋና ኢንስፔክተር ነው። የጦርነቱ ወጪ እዚህ ውስጥ የለም። እንዲህ ያለ ገንዘብ ደካማ አገር ላይ ሲዘንብ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። በ2010 የካቡል ባንክ ጉድ ወጣ። አንድ ቢሊዮን ዶላር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ገንዘብ በውሸት ብድር ወጥቷል። ከባለ አክሲዮኖቹ አንዱ የፕሬዚዳንቱ ወንድም ነበር። የመምህሩና የፖሊሱ ደሞዝ የሚከፈለው በዚያው ባንክ ነው። ሰው ገንዘቡን ለማውጣት ተሰልፎ ዋለ። ሠራዊቱ ውስጥ ደግሞ በወረቀት ላይ ብቻ ያሉ ወታደሮች ነበሩ። ደሞዛቸውን አዛዡ ይወስዳል። ጦርነቱ የመጣ ቀን ስም ዝርዝር አይተኩስም።

አሁን ወደ ታሊባን። እነሱ የጉምሩክ ኬላውን ያዙ፣ በየመንገዱ ያለውን ሕገ ወጥ ቀረጥ አጠፉ፣ ራሳቸው ሰበሰቡ። በዓመት ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የአገር ውስጥ ገቢ ማግባት ችለዋል። ለዚያ ደሃ አገር ቀላል አይደለም። ግን «ራሳቸውን ቻሉ» እንዳትሉ። ተመድ ለእርዳታ ሥራ ጥሬ ዶላር በአውሮፕላን ሲያስገባ ነበር፤ አፍጋኒው ገንዘብ እንዳይወድቅ የደገፈው አንዱ እሱ ነው። ሕዝቡን የሚመግበው ለጋሽ፣ ግብሩን የሚሰበስበው ታሊባን። እንደኔ ይህ አዲስ ዓይነት በሰው መኖር ነው።

ሀገሬው

ይህ ሁሉ ቲዎሪ ምን ያደርጋል? ሰው የሚፈልገው ወጥቶ መግባት ነው። ድሮ ከካቡል ካንዳሃር በመኪና መሄድ ሞትን መጥራት ነበር። ዛሬ ይኬዳል። ኦፒየም ሃያ ዓመት ቢሊዮኖች ፈስሶበት አልጠፋም። ታሊባን በኤፕሪል 2022 ከለከለ፤ በ2023 እርሻው በ95 በመቶ መውረዱን ተመድ ራሱ መሰከረ። ይህ መንግሥት ካልሆነ ምንድን ነው? ሆድ ሳይጠግብ፣ ደጅ ሳይረጋ ምርጫ ቅንጦት ነው።

ሕሊና

@ሀገሬው መንገዱ ላይ ቦምብ ያጠምድ የነበረው ማን ሆነና ነው? አጥማጁ ማጥመድ ሲያቆም ሰላም አመጣ ይባልለታል? ኦፒየሙንም ጠይቅ። ገበሬው በምትኩ ምን ተሰጠው? ስንዴ የኦፒየምን ሩብ እንኳ አያወጣለትም።

መንግሥት መሆናቸውን አልክድም። ማዘዝ ይችላሉ። ግን ማዘዝ መቻል ቅቡልነት ከሆነ ወንበዴም በያዘው ተራራ ላይ ቅቡል ነው።

የማታ ሰው

@ሀገሬው «ደጅ ሳይረጋ» ላልከው፦ ደጁ ረግቷል፤ ልጅቷ ግን ደጅ መውጣት አልቻለችም።

አስተናጋጁ

ሁለት መልእክቶች አንሥቻለሁ። ሃይማኖት መስደብ እዚህ ቤት ቦታ የለውም። የታሊባንን አገዛዝ መተቸት ይቻላል፤ እስልምናን መዝለፍ አይቻልም። ቀጥሉ።

ቀለም ቀንድ

ገንዘቡ ላይ ስንቆይ የሥርዓቱን አሠራር ረሳነው። የ2004ቱ ሕገ መንግሥት በወረቀት ዴሞክራሲ ነው። በሥራ ግን ፕሬዚዳንቱን ንጉሥ አደረገው። የክፍለ አገር ገዢ የሚሾመው ከካቡል ነው። የወረዳ አስተዳዳሪም ከካቡል። የፖሊስ አዛዥም። ሕገ መንግሥቱ የወረዳ ምክር ቤት ምርጫና የከንቲባ ምርጫ ይደረጋል ይል ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመት አንድም ቀን አልተደረገም። አስቡት እንግዲህ፤ ገበሬው በየቀኑ የሚያየው ሹም እሱ ያልመረጠው ነው። የመረጠው ሰው ደግሞ ካቡል ካለው ግድግዳ ጀርባ ነው።

ፓርላማውም ሌላ ጉድ ነው። በ2005 ፓርቲዎች እንዳይጠናከሩ ተብሎ ሰው በግል የሚወዳደርበት ሥርዓት ተመረጠ። ካቡል ላይ ለ33 ወንበር ወደ 400 የሚጠጋ ተወዳዳሪ ቀረበ። የድምፅ መስጫው ወረቀት እንደ ጋዜጣ የሚገለጥ ነበር። ማንበብ የማይችል መራጭ ፎቶና ምልክት እያየ ገጹን ያገላብጣል። የብዙው መራጭ ድምፅ ተበትኖ ቀረ። ፓርቲ የሌለው ፓርላማ ደግሞ ምን ይሠራል? እያንዳንዱ አባል ለየራሱ ይደራደራል። ሚኒስትር ለማጽደቅ ስንት እንደሚከፈል ካቡል ውስጥ የአደባባይ ወሬ ነበር።

እና «አፍጋኖች ዴሞክራሲ ሞክረው አልሆነላቸውም» ስትሉ ምን እንደተሞከረ መጀመሪያ እዩ።

ዘመን ቆጣሪ

ተመለስኩ። @ሰምና ወርቅ ሌሊቱን ስንገላታበት አደርኩ።

አብዱር ራህማን ገንዘብ ተቀበለ፤ የእንግሊዝ ወታደር ግን አገሩ ውስጥ አልነበረም። ማንን እንደሚሾም፣ ማንን እንደሚያስር እንግሊዝ አላዘዘውም። ገንዘቡን ለራሱ ጦር አዋለው። ለሕዝቡ የሚታየው እሱ ነው፤ ከፋም ለማም የሚጠየቀው እሱ ነው። በካቡል ሪፐብሊክ ግን ሰው ሲበደል ወደ ማን እንደሚጮህ አያውቅም ነበር። ሌሊት ቤቱ በውጭ ወታደር ሲበረበር ካርዛይ ራሱ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ይለምን ነበር፤ «እባካችሁ ሌሊት ቤት አትግቡ» እያለ። በገዛ አገሩ! ፕሬዚዳንት ሲለምን ያየ ሕዝብ ማን ጌታ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ስለዚህ አነጋገሬን ላርም። ጉዳዩ ከማን በላህ ብቻ አይደለም። ለማን መልስ ትሰጣለህ ነው። የዶሃው ስምምነትም ይህንኑ አተመው። የፌብሯሪ 2020ው ስምምነት የተፈረመው በአሜሪካና በታሊባን መካከል ነው። የካቡል መንግሥት ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እስከ 5,000 የታሊባን እስረኛ እንዲፈታ ግን የተወሰነው በእሱ እስር ቤት ላይ ነው። ሰነዱን ያነበበ ሰው አንድ የሚያስቅ ነገር ያገኛል። ታሊባንን በጠራ ቁጥር «በአሜሪካ እንደ መንግሥት ዕውቅና ያልተሰጠውና ታሊባን በመባል የሚታወቀው የአፍጋኒስታን እስላማዊ ኤምሬት» ይላል። ስሙን ሙሉ ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ ከዚያ «አላውቅህም» ማለት።

ያም ሆኖ @ሕሊና ያነሳችው ጥያቄ አልተመለሰም። ታሊባንስ ለማን መልስ ይሰጣል?

ሕሊና

ለማንም። ይህን ነው ስል የነበረው።

እነሱ የሚያነሱት የራሳቸው የቅቡልነት ንግግር አላቸው፤ እሱንም በራሱ መስፈርት እንመዝነው። የታሊባን መሥራች ሙላህ ኦማር በ1996 ካንዳሃር ላይ የነቢዩ ነው የሚባለውን ካባ ሕዝብ ፊት ይዞ ወጣ። ዑለማዎች የምዕመናን አዛዥ ብለው ቃል ገቡለት፣ ባይዓ ማለት ነው። ቬበር ጸጋ የሚለው ይህንን ነው። ግን ያ የኦማር ነበር። አኩንዛዳ በ2016 የተመረጠው በጥቂት የታሊባን ሹማምንት ነው። በ2022 ክረምት ካቡል ላይ ከ3,000 በላይ ዑለማና ሽማግሌ ሰብስበው ድጋፍ አስገለጹ። አንዲት ሴት አልነበረችም። አጀንዳው ቀድሞ የተቆረጠ ነው። @ዘመን ቆጣሪ ያንን የ2002ቱን ድንኳን አስታወሰኝ። ፈረንጅም ይሁን ሙላህ፣ ጉባኤ ጠርቶ መልሱን ቀድሞ መያዝ አንድ ነው።

ሕገ መንግሥት ዛሬ የለም። ፓርቲ ታግዷል። ሰው የተበደለውን የሚያሰማበት ደጅ የለም።

ደግሞ ዴሞክራሲ ለአፍጋኒስታን ከውጭ የመጣ ዕቃ ነው የምትሉ፣ 1964ን አትዝለሉ። በዛሂር ሻህ ዘመን አፍጋኖች ራሳቸው ረቂቅ አዘጋጅተው፣ በሎያ ጅርጋ ተከራክረው ሕገ መንግሥት አጸደቁ። የንጉሡ ቤተሰብ ከሥልጣን እንዲርቅ ተደነገገ። በ1965 ምርጫ አራት ሴቶች ታችኛው ምክር ቤት ገቡ። ማንም ታንክ ይዞ አላስገባቸውም። ጉድለቱ ብዙ ነበር፤ ንጉሡ የፓርቲዎችን ሕግ ሳይፈርም ቀረ፣ በ1973 ደግሞ የአጎቱ ልጅ ዳውድ ኻን ገለበጠው። ግን የራሳቸው ሙከራ ነበር።

ሰምና ወርቅ

@ሕሊና 1964ን ስላነሳሽ ተባረኪ። እኔ ግን አንድ ፍርሃት አለኝ። አሁን ማንም ካቡል ውስጥ «ምርጫ» የሚል ቃል ቢያነሳ ሰው የሚታወሰው ያ ባለ ሦስት ካርድ ሾፌር ነው። ቃሉ ራሱ ተበላሽቷል። ታሊባንን ከጠመንጃው እኩል የሚጠብቀው ይኼ ይመስለኛል።

ሀገሬው

ዕውቅናውስ? ሩሲያ በጁላይ 2025 በይፋ ዕውቅና ሰጠች። ሌሎችም አምባሳደር እየተቀበሉ ነው። ጊዜ ሁሉንም ያስለምዳል።

ቀለም ቀንድ

@ሀገሬው የካቡል ሪፐብሊክን ያላወቀው አገር አልነበረም፤ የተመድ ወንበሩ ላይ እስካሁንም ታሊባን አልተቀመጠም። ዕውቅናው ሪፐብሊኩን አተረፈው?

ዘመን ቆጣሪ

@መንገደኛው አንተስ ጠፋህ። ያ ዘበኛ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ታውቃለህ?

መንገደኛው

ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ሾፌሩ ጠፍቶብኛል፤ ስልኩ ከ2021 ጀምሮ አይሠራም። ዘበኛው ግን በ2023 ዋትሳፕ ላይ አገኘኝ። የማሳውን ፎቶ ላከልኝ፤ ፖሙ አብቧል። «እንዴት ነው አሁን?» አልኩት። «ሌሊት መንገዱ ጸጥ ነው፣ ድሮን የለም፣ ማንም አይገባብንም» አለኝ። ከልቡ ነበር፤ ድምፁ ይታወቃል። ከዚያ ትንሽ ዝም አለና ትንሿ ልጁ ስድስተኛ ክፍል መጨረሷን ነገረኝ። ከዚያ በላይ ለሴት የለም። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት አለኝ። ቤት ሆና የምትማርበት፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነገር ካወቅህ ለማንም ሳትናገር ላክልኝ ብሎኝ ነበር። ያኔ አንድ ሁለት ነገር ልኬለት ነበር፤ ኔትወርኩ አልችል ብሏቸዋል። በዝቅተኛ ኔትወርክ የሚሠራ፣ በዳሪ ወይ በፓሽቶ የሆነ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እዚህ ላይ አትለጥፉት።

ሕሊና

የማውቀው አለ። ማታ እጽፍልሃለሁ።